የኮሺኛ ሊጥ ገንፎ ነው፣ እባካችሁ አስተካክሉት

ይድረስ ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ

ሰላም ለናንተ ይሁን። እኔ ጅማ ፈረንጅ አራዳ አካባቢ ጀበና ቡና የምሸጥ ሴት ነኝ፣ ከቡናው ጎን ጠዋት ጠዋት ቦምቦሊኖ ከሰዓት ደሞ ሳምቡሳ እጠብሳለሁ። ጋዜጣችሁ ከአዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ እኛ ጋ ሲደርስ አንዳንዴ አንድ ቀን አንዳንዴ ሁለት ቀን አርጅቶ ነው፣ ቢሆንም ደንበኞቼ እየተቀባበሉ ያነቡታል እኔም ቡናው እስኪፈላ አየት አደርገዋለሁ። ደብዳቤ ስጽፍላችሁ የመጀመሪያዬ ነው። ያስጻፈኝ ፖለቲካ እንዳይመስላችሁ፣ የምግብ ገጻችሁ ነው።

ባለፈው «የብራዚል ኮክሲንሃ በቤትዎ» የሚል አሰራር አውጥታችሁ ነበር፣ ዶሮ በሊጥ ተጠቅልሎ በዘይት የሚጠበስ ነገር ነው፣ ትክክለኛ ስሙ ኮሺኛ ነው። ፎቶው መቼም ያምራል፣ ወርቅ የመሰለ፣ ከታች ድብልብል ከላይ ሾጠጥ ያለ። እኔም ያው ስራዬ መጥበስ ነውና ከሳምቡሳ ሌላ ነገር ባቀርብ ተማሪዎቹ ይወዱልኛል ብዬ ቅዳሜ ዶሮ ገዛሁ (ዋጋው አይነሳብኝ)፣ እንዳላችሁት ዱቄቱን በቀዝቃዛ ውሃ በጨውና በትንሽ ዘይት አቦካሁት፣ እንዳላችሁት ዶሮውን ቀቀልኩት፣ «የተቀቀለበትን ውሃ ይድፉት» ያላችሁትን ግን ልቤ እምቢ አለኝ። የዶሮ መረቅ የሚደፋበት ቤት አይቼ አላውቅም፣ እናቴ ብትሰማ ከመቃብር ትነሳ ነበር፣ ስለዚ ከድኜ አስቀመጥኩት። ከዛ ሞላሁና ዘይት ውስጥ ጣልኩት። ምን አለፋችሁ ግማሹ እዛው ድስት ውስጥ ተተረተረ፣ ዶሮው ወጥቶ ዘይቱ ላይ ተንሳፈፈ፣ ዘይቱ ፈንጥቆ እጄን ለበለበኝ፣ ያልፈነዳው ደሞ ላዩ ጠቁሮ ውስጡ ጥሬ ሊጥ። ልጄ አንዱን ገመሰችና «እማዬ ይሄ እኮ ዶሮ የዋጠ ዳቦ ነው» አለችኝ። ለዶሮው ያወጣሁት ብር ሳይሆን ያበገነኝ ስንት ሰው እንደኔ ጋዜጣ አምኖ ዶሮውን አበላሽቶ ይሆን የሚለው ነው።

በማግስቱ ልጄ ስልኳን ይዛ መጣች፣ አንዲት ብራዚላዊት ሴትዮ ኩሽናዋ ውስጥ ስትሰራ የሚያሳይ ቪዲዮ። ቋንቋው ፖርቹጊዝ ነው አንድም ቃል አልገባንም። ጎረቤቴ ለቡና መጥታ ነበር፣ በእድሜ ታላቄ ስለሆነች እትዬ ነው የምላት፣ በትከሻችን በኩል አንገቷን አስግጋ ታያለች። ሴትዮዋ መረቁን በድስት አፈላች፣ ቅቤ ጣለችበት፣ ዱቄቱን ባንዴ ገለበጠችው፣ ከዛ በእንጨት ማማሰያ ወገቧን ይዛ ታሽ ጀመር። እትዬ ሳቀችና «ኩኒ ማርቃዳ!» አለች በኦሮምኛ፣ ይሄማ ገንፎ ነው ማለቷ ነው።

ገንፎ ነው! እኔ ስንት አራስ ስጠይቅ ስንት ገንፎ ያገነፋሁ ሴትዮ ይሄን ለማወቅ ብራዚል ድረስ መሄድ አለብኝ? እናንተም ብትሆኑ «ሊጡን እንደ ገንፎ አገንፉት» የምትል አንድ መስመር ብትጽፉ ኖሮ ማንኛዋም ሴት ሌላ ነገር ሳትጠይቅ ትሰራው ነበር። ይሄን ደብዳቤ ያስጻፈኝ ዋናው ነገር ይሄ ነው፣ ሌላው ተከታዩ ነው።

ስሙንም ተሳስታችኋል። ኮክሲንሃ አይደለም፣ ከእንግሊዝኛው ፊደል በፊደል ገልብጣችሁት ነው እንጂ ሴትዮዋ ስትጠራው ጥርት አድርጋ «ኮሺኛ» ነው የምትለው። የኛ ኛ እኮ ቁጭ ያለች ፊደል ናት፣ እንግሊዞቹ ይቸገሩ እኛ ምን አስቸገረን። ልጄ ደሞ ቋንቋ ይመስላል እያለች ትቀልዳለች፣ አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ኮሺኛ። ኮሻ ማለት በነሱ ቋንቋ ታፋ ነው፣ ኮሺኛ ሲሉ ደሞ ትንሿ ታፋ፣ ልክ እኛ ልጅን አቆላምጠን እንደምንጠራው። ቅርጹም የዶሮ ታፋ እንዲመስል ነው እንደዛ የሚሾጠው።

አመጣጡን በተመለከተ አንድ ተረት አለ፣ ሳን ፓውሎ ግዛት ውስጥ ሊሜይራ የምትባል ከተማ አለች፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን እዛ ነው ተፈጠረ የሚሉት። የብራዚሉ ንጉሠ ነገሥት የዳግማዊ ፔድሮ ልጅ ልዕልት ኢዛቤል፣ ያቺ በ1888 (በፈረንጆቹ ነው፣ ከዚህ በታች የምጠራቸውም ዓመቶች እንደዛው) ባርነትን የሚሽረውን ህግ የፈረመችው፣ አንድ ልጇ ከዶሮ ውስጥ ታፋ ካልሆነ አልበላም የሚል ቀበጥ ነበር ይባላል። አንድ ቀን ወጥ ቤቷ ታፋ አለቀባት፣ ምን ታድርግ፣ የቀረውን ስጋ በጣቷ ፈልቅቃ በሊጥ ጠቅልላ ታፋ አስመስላ ጠብሳ አቀረበችለት፣ ልጁም ከዛ በኋላ ሌላ አልፈልግም አለ። ታሪክ አዋቂዎቹ ግን ይሄን በማስረጃ አናገኘውም ይላሉ፣ እነሱ የሚሉት ሳን ፓውሎ ፋብሪካ ሲበዛባት ለሰራተኛው በፋብሪካ በር ላይ የሚሸጥ ከታፋ የረከሰ ቶሎ የማይበላሽ ነገር ሲፈለግ ነው የተስፋፋው ነው። እኔ ሁለተኛው ይበልጥ ይገባኛል፣ እኔም በር ላይ ነው የምሸጠው። ግን የተረቱም ልጅ ቤቴ ውስጥ አለ፣ አንድ ዶሮ 12 ብልት ሲወጣለት ፈረሰኛው ላባትየው ይሄዳል፣ ታፋው ሁለት ብቻ ነው ልጆቹ አራት ናቸው፣ በየበዓሉ ለቅሶ ነው።

አሁን ወደ ስራው ልግባ፣ ይሄን ነበር ማውጣት የነበረባችሁ። ዶሮው የሀበሻም የፈረንጅም ይሆናል፣ የሀበሻው ማብሰያው ረጅም ነው ግን መረቁ ሌላ ነው፣ እኔ የሀበሻውን ነው የምመርጠው። በሽንኩርት፣ በነጭ ሽንኩርትና በጨው ቀቅላችሁ ስጋው ከአጥንቱ ሲለቅ አውጡት፣ መረቁን በወንፊት አጥልሉት። ስጋውን በጣት እንደ ክር እስኪሆን ፈልቅቁት፣ በቢላ አትክተፉት፣ የተከተፈው ውስጡ ሲበላ ድርቅ ይላል። ከዛ ደቆ የተከተፈ ሽንኩርት በዘይት አቁላልታችሁ አንድ ቲማቲም ጨምራችሁ ስጋውን አገላብጡበት። ብራዚሎቹ ቅጠላ ቅጠል ይጨምሩበታል፣ እኔ የሽንኩርት ቅጠል ነው ያደረግኩት። ዋናው ነገር ውሃው ድርቅ ማለት አለበት፣ ድስቱን ስታጋድሉት ምንም የማይወርድ መሆን አለበት። ያኔ የኔ የፈነዳው አንዱ በዚህ ነው፣ ውስጡ የቀረው እርጥበት በጋለ ዘይት ውስጥ እንፋሎት ይሆንና መውጫ ይፈልጋል፣ ደካማ ስፌት ያገኘበት ጋ በርግዶ ይወጣል።

እናንተ ደሞ ውስጡ ካቱፒሪ ይጨመር ብላችኋል። ካቱፒሪ ምን እንደሆነ እንኳን አልጻፋችሁም! የሚቀባ ለስላሳ አይብ ነው፣ በ1911 እዛው ብራዚል ሚናስ ዤራይስ ግዛት የተጀመረ፣ ኮሺኛም ያለሱም ይሰራል ከሱ ጋርም ይሰራል። ጅማ መርካቶን ከላይ እስከታች ብትዞሩት ካቱፒሪ የለም። አይብ ግን አለ። የኛ አይብ ይበታተናል እንጂ በጨርቅ አንጠልጥላችሁ ውሃውን ካጠፈፋችሁት በኋላ በትንሽ ለጋ ቅቤ በሹካ ብታሹት ለስለስ ይላል፣ አንዳንድ ቁንጥር ከዶሮው ጋር አስገቡበት። ካቱፒሪ አልቀመስኩምና ያንን ይመስላል ብዬ አልዋሽም፣ ይጣፍጣል ግን።

ሊጡ እነሆ። 2 ብርጭቆ መረቅ፣ 2 ብርጭቆ የፉርኖ ዱቄት፣ ብርጭቆው የፈለጋችሁት ይሁን ለሁለቱም አንድ አይነት ይሁን ብቻ («ካፕ» እያላችሁ አታስቸግሩን)። መረቁን ከአንድ የሾርባ ማንኪያ ቅቤና ከጨው ጋር አፍሉት፣ ሲንፈቀፈቅ እሳቱን ቀንሳችሁ ዱቄቱን ባንዴ አውርዱበት፣ ጥቂት ጥቂት እያላችሁ አትጨምሩ ይጓጉላል። ከዛ በቃ ማሸት ነው ክንድ እስኪዝል፣ ሊጡ ድስቱን ለቆ ከስሩ ስስ ቅርፊት ሲተው ደርሷል። አውጥታችሁ ዘይት የተቀባ ጠረጴዛ ላይ ለብ እስኪል ጠብቁት፣ ግን እስኪቀዘቅዝ አትጠብቁ፣ በሞቀበት እሹት፣ ሲጀመር ሻካራ ነው ከ5 ደቂቃ በኋላ እንደ ህጻን ጉንጭ ይሆናል። አንዳንዶቹ አንድ የተቀቀለ ድንች ፈጭተው ይጨምሩበታል፣ ይለሰልሳል፣ እኔም አድርጌዋለሁ ግን ድንቹ ውሃ የያዘ ከሆነ ሊጡ እጅ ላይ ይጣበቅባችኋል።

ለምን ቀድሞ ይበስላል ብትሉ፣ ዱቄት በፈላ መረቅ ሲበስል ውሃውን ይጠጣና ያብጣል፣ ስትዘረጉት አይሰበሰብም ስትጫኑትም አይሰነጠቅም፣ በቀዝቃዛ የተቦካ ግን እንደ ላስቲክ ወደኋላ ይሳባል። ደሞ አስቡት ዘይት ውስጥ የሚቆየው ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ነው፣ በዛች ጊዜ ወፍራም ጥሬ ሊጥ ከየት ይበስላል? ውስጡም ሊጡም ቀድሞ የበሰለ ስለሆነ የዘይቱ ስራ ላዩን ማቅላት ብቻ ነው።

ከእንቁላል ትንሽ አነስ ያለ ሊጥ ድቡልቡል አድርጋችሁ መሀሉን በአውራ ጣት ጎድጉዱት፣ አንድ ማንኪያ ዶሮ አስገቡ፣ አፉን ሰብስባችሁ ወደላይ እየሳባችሁ አሹሉት። ፈረንጆቹ የእንባ ጠብታ ይሉታል፣ ለኛ አንገት ያላት ትንሽ አቮካዶ ማለት ይቀላል፣ ጅማ ውስጥ አቮካዶ ያላየ የለም። ከ2 ብርጭቆ ዱቄት ወደ 20 ገደማ ይወጣል። ከዛ በተመታ እንቁላል ነክራችሁ በዳቦ ፍርፋሪ ማንከባለል ነው። ፍርፋሪውን ግዙ ብላችኋል፣ የቱ ሱቅ? ያደረ ዳቦ አድርቃችሁ በሙቀጫ ውቀጡት በወንፊት ንፉት አለቀ፣ እኔ ያልተሸጠ ዳቦ ስለማይጠፋኝ ለሱ መፍትሄ ሆኖኛል እንደውም።

ዘይቱ። ኮሺኛውን የሚያሰጥም ያህል ይሁን፣ መጥበሻ ላይ ገልበጥ ገልበጥ አይሆንም። ሙቀቱ ከ170 እስከ 180 ዲግሪ ነው መሆን ያለበት ይባላል፣ ቴርሞሜትር ማን አለው፣ የማማሰያውን ጫፍ ዘይቱ ውስጥ ስትነክሩ ዙሪያውን ቶሎ ቶሎ አረፋ ካወጣ ደርሷል፣ ከጨሰ አልፏል አውርዱት። ባንዴ 4 ወይም 5 ብቻ፣ ከበዛ ዘይቱ ይቀዘቅዝና ኮሺኛው ዘይት ይጠጣል። እኔ በከሰል ነው የምጠብሰው፣ ከሰል ደሞ እንደ ቡታጋዝ አይታዘዝም፣ ድስቱን አንሳት መልሳት እያልኩ ነው የማስተካክለው።

አሁን ደሞ እናንተ ጭራሽ ያላሰባችሁት ነገር። እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ፣ እትዬ ሙስሊም ናት፣ ቡና የምንጠጣው ግን አንድ ላይ ነው። እኔ ያረድኩትን ዶሮ እሷ አትበላም እሷ ያረደችውን እኔ አልበላም፣ ጅማ ውስጥ ይሄ የሁሉም ጎረቤት ነገር ነው፣ ማንም አይቀየምበትም። ስለዚ ያኛው የመጀመሪያው የተሳካ ኮሺኛ ሲወጣ፣ አሰራሩን የነገረችኝ እሷ ሆና ሳለ መቅመስ አልቻለችም፣ ቁጭ ብላ ታየዋለች፣ እኔ አፈርኩ እሷ ትስቃለች። በማግስቱ መረቁን ትቼ በሽንኩርትና በካሮት ውሃ አገነፋሁት፣ ውስጡን እንቁላል ቅቅልና አይብ ከቃሪያ ጋር አደረግኩ፣ አብረን በላን። ለጾም ቀን ደሞ ውስጡ ድፍን ምስር ወይም ድንች ይሆናል፣ ቅቤው በዘይት፣ እንቁላሉ በቀጭን የዱቄት ውሃ ይተካል፣ ፍርፋሪው በሱም ይይዛል ሞክሬዋለሁ። ብራዚሎቹ ራሳቸው ስጋ ለማይበላው በዶሮው ፋንታ በእንጉዳይ ይሰሩታል፣ እኛ ጋ በክረምት እንጉዳይ ከጫካ ይመጣል ግን የማላውቀውን እንጉዳይ ለደንበኛ አላበላም።

እግረ መንገዴን፣ ለጾም ከሆነ እነሱ ጋ አካራዤ የሚባል ሌላ ጥብስ አለ፣ ባህያ በሚባለው ግዛት ሴቶች ነጭ ቀሚስ ለብሰው መንገድ ላይ የሚሸጡት፣ የተላጠ ባቄላ መሰል ጥራጥሬ ተፈጭቶ በቀይ የፓልም ዘይት የሚጠበስ። ከምዕራብ አፍሪካ በባርነት የተወሰዱት ሰዎች ይዘውት የሄዱት ነው፣ ናይጄሪያ ውስጥ ዮሩባዎቹ አሁንም አካራ ነው የሚሉት። ሻጮቹ ሴቶች ሙያቸው በ2005 በመንግስት የሀገር ቅርስ ተብሎ ተመዝግቦላቸዋል። የሳምቡሳ ሻጭ ሙያ ቅርስ ሲባል በህይወቴ ያሳየኝ። ለነገሩ ሳምቡሳም እነሱ ጋ ዘመድ አለው፣ ፓስቴል ይሉታል፣ ስስ ሊጥ ውስጡ ስጋ ወይ አይብ፣ በየገበያው ከሸንኮራ አገዳ ጭማቂ ጋር ነው የሚሸጠው።

ኮሺኛ እዛ የት ነው የሚበላው ካላችሁ፣ በየዳቦ ቤቱና በየመክሰስ ቤቱ በመስታወት ሳጥን ውስጥ ተደርድሮ ነው፣ ልክ እንደኛ ሳምቡሳ፣ ለልደት ደሞ በመቶ በመቶ ያዙታል። አብሮት በትንሽ ሲኒ ጥቁር ጣፋጭ ቡና ይጠጣሉ፣ ካፌዚኞ ይባላል፣ ትንሿ ቡና ማለት ነው፣ ያችው ማቆላመጫ ናት። እና ይሄ ነገር ወደኛ ሲመጣ እንግዳ አይደለም ባይ ነኝ። ቡና እኮ ከዚህ ነው የሄደው፣ ከጎማ ወረዳ ከጮጬ (ከፋዎች ይቅር ይበሉኝ፣ ይሄን ክርክር እዚህ አልከፍተውም)፣ ዓለምን ዞሮ ብራዚል የደረሰው በ1727 ነው፣ ፍራንሲስኮ ዴ ሜሎ ፓልዬታ የሚባል መኮንን ከፈረንሳይ ጉያና ይዞት ገባ ነው የሚባለው፣ ዛሬ እነሱ ናቸው በዓለም አንደኛ አምራች። እኛ ቡና ቁርሱን ከቆሎና ከፈንዲሻ ሳናሳልፍ ቆየን እንጂ ከነሱ አንድ ቁርስ ብንበደር ነውር የለበትም።

እኔ በቆጭቆጫ ነው የማቀርበው። እዛም የቃሪያ ስጎ ከላይ ጠብ ያደርጉበታል፣ ውስጡ ግን አያቃጥልም፣ ስለዚ ሚጥሚጣ ውስጡ አትጨምሩ፣ የሚፈልግ ይነክራል። ተማሪዎቹ ስሙን ቶሎ ለመዱት፣ አሁን «ማዘር ሁለት ኮሺኛ» ነው የሚሉኝ፣ አንዱ ብቻ «ማዘር ያ የብራዚል ሳምቡሳ» ይላል፣ እሱን አላርመውም።

እንግዲህ የምለምናችሁ፣ በሚቀጥለው እትም ማስተካከያ አውጡ። ቀዝቃዛ ውሃ የሚለውን ሰርዙ፣ መረቁን ድፉት የሚለውን በተለይ ሰርዙ፣ እንደ ገንፎ ይገንፋ በሉ፣ ስሙንም አስተካክሉ። የውጪ አሰራር ስታወጡ ደሞ አንድ ቀን አንዷን ሴት አሰርታችሁ አይታችሁ አውጡ፣ ዶሮ ዶሮ ነው። አንድ ጥያቄም አለኝ፣ አንባቢ ካወቀ ይጻፍልኝ፣ ብራዚሎቹ ሳይጠበስ ሰርተው ፍሪዘር ውስጥ ያስቀምጡትና ሲፈልጉ ከነበረዶው ይጠብሱታል፣ መብራት በየቀኑ በሚጠፋበት ሰፈር ግን ፍሪዘር አላምንም፣ ከማታ የተሰራውን እስከ ጠዋት ያለ ፍሪጅ ሳይሰነጠቅም ሳይበላሽም የሚያቆይ ዘዴ ያለው ሰው አለ? እስካሁን የማደርገው ሊጡን ማታ አገንፍቼ ዘይት ቀብቼ በላስቲክ መሸፈን ነው፣ ዶሮውን ግን ጠዋት ነው የምቀቅለው፣ ከ10 ሰዓት ሌሊት መነሳት ሰልችቶኛል።

አክባሪያችሁ
ጀበና ቡና ሻጯ፣ ከጅማ

ማስታወሻ፦ ዘይቱን የማንጠፈጥፈው ድሮ በናንተ ጋዜጣ ላይ ነበር፣ ሳምቡሳውንም በሱ ነበር የምጠቀልለው። ኮሺኛ ላይ ግን ቀለሙ ለቆ ፍርፋሪው ላይ የሚኒስትር ፊት ታተመበት፣ ልጄም ቀለም አይበላም ብላ ተቆጣችኝ፣ አሁን ወንፊት ላይ ነው የማንጠፈጥፈው። ጋዜጣውን ማንበቡን አልተውኩም።